የቀናሁበት ኮሌታ

ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ በሸሚዝ ቀናሁ። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም ዛሬ ዛሬ እስቃለሁ። ያጠብኩት እኔ፣ የተኮስኩት እኔ፣ ቁልፉ ሲረግፍ የተከልኩለት እኔ የሆንኩ ጥቁር የቄስ ሸሚዝ ነው። አንገቱ ላይ ነጭ ኮሌታ አለችው፤ ከፕላስቲክ የተቆረጠች፣ ስትፈልግ የምትሰካ ሳትፈልግ የምትወጣ፣ ከጣት የማትሰፋ ነገር። ያቺ ነገር ናት ስንት ጊዜ ያንገበገበችኝ።

እናኑ እባላለሁ። የቡሬ ልጅ ነኝ፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። ጊዜው የኢሕአዴግ ነው፤ የመሬት ሽግሽጉ አልፎ፣ የድንበር ጠቡ ግን ገና ያልበረደበት። በዚያን ጊዜ ቡሬ ላይ የወንጌል አማኞች ነን የምንል ሁሉ ብንሰበሰብ የምንሞላው አንዲት ሳሎን ነበር። ሳሎኗ የእኔ ናት። ወንበር የደረደርኩ እኔ፣ መዝሙር ያወጣሁ እኔ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያስጠናሁ እኔ። ጣራችን ላይ ድንጋይ ሲወረወር የተበሳውን ቆርቆሮ መሰላል ላይ ወጥቼ የደፈንኩም እኔ ነኝ። ይኼን የምናገረው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

አስናቀ ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር። መጀመሪያ የመጣ ዕለት በሩ ሥር ተቀመጠ፤ ለመሸሽ እንዲመቸው ይመስለኛል። ጸሎት ከየት እንደሚጀመር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱም በዚያች ሳሎን እምነትም ሚስትም አገኘና ተጋባን። ከዓመታት በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን የነገረ መለኮት ትምህርት እንዲማር አዲስ አበባ ላከችው። ተመረቀ፣ እጅ ተጫነበት፣ ቄስ አስናቀ ተባለ። ያኔ በእኛ ዘንድ ለሴት እጅ አይጫንም። የተሾመ ዕለት እኔ እንግዳ ሳስተናግድ ዋልኩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ነው።

ሸሚዙ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። መሪዎቻችን ተሰብስበው ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ፣ ጥምጣምና ካባ ትተን ወጥተን ስናበቃ ኮሌታ ምን ያደርግልናል፣ ሁላችንም ካህናት አይደለንም ወይ አሉ። ግማሾቹ ደግሞ፣ ታዲያ ሆስፒታል በር ላይ፣ ወህኒ ቤት በር ላይ ዘበኛው ማን ብሎ ያስገባው፣ የኦርቶዶክሱ ቄስ ከሩቅ ይታወቃል፣ የእኛ በኮት ሲመጣ ግብር ሰብሳቢ መስሎ ሰው ይደበቀዋል አሉ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እኔ ተነስቼ አይልበስ ብዬ ተከራከርኩ፤ ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደረብኩ። አንድ አዛውንት እንባቸውን ጠረጉ። የእኔ ምክንያት ግን ጥቅሱ አልነበረም። እኔ የማልለብሰው ከሆነ ማንም እንዲለብሰው አልፈለግኩም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ተሸነፍኩ። አስናቀም ለበሰው፤ ያምርበታል ደግሞ። ገበያ ስወጣ "መምህርት እናኑ" ይሉኝ የነበሩት ሁሉ "የቄሱ ሚስት" ማለት ጀመሩ። እኔ ነኝ እኮ ጸሎት ያስተማርኩላችሁ ልል ምንም አይቀረኝም ነበር። ቤት ስመለስ ሸሚዙን ከሚገባው በላይ አሽቼ አጥበዋለሁ።

አሁን ዋለን ላስተዋውቃችሁ። ዋለ ከማንኩሳ ወዲያ፣ ከመኪና መንገዱ ገባ ብሎ ካለች መንደር የመጣ ገበሬ ነው። ቡሬ ገበያ በርበሬ ሲያመጣ ደጃችን ላይ መዝሙር ሰምቶ የገባ፣ ከዚያም የቀረ ሰው። ከመንደሩ በእኛ እምነት እሱ ብቻ ነበር። ጎረቤቱ አበጀ በድንበር ተጣላውና ቀኝ ክንዱን በመጥረቢያ መታው። ዋለ ተረፈ፤ እጁ ግን እርፍ አልጨብጥ አለ። አበጀ ፍኖተ ሰላም ወህኒ ቤት ታስሮ፣ ጊዜውን ጨርሶ ወጣ። ዋለ በእሑድ ጉባኤ ላይ ቆሞ ይቅር ብያለሁ አለ፤ እልል ተባለለት፤ አስናቀም አቀፈው።

በሳምንቱ ዋለ ማዕድ ቤቴ መጣ። አስናቀ ቤት አልነበረም፤ እሱም አለመኖሩን አይቶ ነው የገባው። በርጩማ ሰጠሁት። እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ፣ እሱ በዝግታ ነገረኝ። ይቅርታው ካፉ እንጂ ከሆዱ አልወጣም። ከአማቹ ምንሽር ጠመንጃ ተውሷል፤ ጎተራው ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ቀብሮታል። አበጀ በደጁ ባለፈ ቁጥር ዋለ ጎተራውን ያያል፤ አይቶም ይተወዋል። እስከ መቼ እንደሚተወው ግን አያውቅም።

"ለቄሱ አይንገሩብኝ፣ እትየ እናኑ" አለኝ።

"ለምን? የሚጸልይልህ እሱ አይደለም ወይ?"

"ልብሳቸውን ሳይ አፌ ይያዛል። እሳቸው ዘንድ የምሄደው ታጥቤ ነው። እርስዎ ዘንድ እንዳደፍኩ እመጣለሁ።"

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ሰውየው ነፍስ ሊያጠፋ ምንሽር ቀብሯል፣ እኔ በውስጤ እልል እላለሁ። ኮሌታዋ የማትሰማውን እኔ ሰማሁ። እርግጥ ወዲያው ደነገጥኩ፤ መሣሪያውን ለአማችህ መልስ ብዬ ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ አብረን ጸለይን። እሺ ብሎኝ ሄደ። ገበሬ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እሺ ሲል እንቢ ማለቱ እንደሆነ አላጣሁትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ለአስናቀ አልነገርኩትም፤ ይኼን እንደ ጥፋት እንዳትይዙብኝ። ሆድ ይፍጀው የተባለ ነገር ባልም አይጋራውም።

ብዙም ሳይቆይ ከዋለ መንደር መልእክት መጣ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ሊያስታርቁ ቆርጠዋል፤ ክረምቱ ሳይገባ፣ እርሻው ሳይጀመር። በዚያ አገር ደንብ ደግሞ በእንዲህ ያለ እርቅ ላይ የሁለቱም ወገን የንስሐ አባት ይቆማል። የልጁን ልብ የሚያውቀው እሱ ነውና፣ ቂም የለበትም ብሎ ዋስ ይሆነዋል። የንስሐ አባት ያልቆመለት ሰው ይቅርታው አይታመንም። አበጀ የደብሩ ቄሰ ገበዝ አሉለት። ለዋለስ ማን ይቁም? ሽማግሌዎቹ መከሩና፣ የእነሱም ሃይማኖት ቄስ አለው ይባላል፣ ካለው ይምጣ፣ ግን በኮት የመጣን ሰው ቄስ ነው ብለን አንቀበልም፣ የቄስ ልብስ ለብሶ ይምጣ አሉ።

አስናቀ መልእክቱን ሲሰማ ፊቱ በራ። "አየሽ?" አለኝ። "አይጠቅምም ስትይ ነበር።"

የአንድ ሰው ሕይወት የተንጠለጠለው በእርቁ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ግን አያውቅም። እርቁ ቢፈርስ ዋለ ወደ ጎተራው ነው የሚሄደው። እርቁ በውሸት ቢጸናም ዋለ ወደ ጎተራው ነው የሚሄደው፤ ያውም አበጀ እርቅ ወርዷል ብሎ ተዘናግቶ ሳለ። ይኼን ይዤ ሸሚዙን በከሰል ካውያ ተኮስኩ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት፤ ምን ያደርግልሻል አለ፤ መሄድ ነው የፈለግኩት ብዬ ነጠላዬን ለበስኩ።

ሚኒባስ ላይ ስንወጣ ረዳቱ ባሌን አየና "አባ፣ ጋቢና ይግቡ" አለው። እኔን ከኋላ፣ ሁለት የበርበሬ ኩንታል መሐል አስገባኝ። እስከ ማንኩሳ እያነጠስኩ ሄድኩ። ከፊት የባሌን ማጅራት አያለሁ፤ ነጯ ከጎን ብልጭ ትላለች።

ማንኩሳ ወርደን በእግር ስንጀምር አልቻልኩም፤ ዋለን በደንብ ታውቀዋለህ ብዬ ጠየቅሁት። አውቀዋለሁ አለኝ። ምን ነግሮህ ያውቃል አልኩት። ይቅር ማለቱን አለኝ። ሌላስ? ሌላ ምን ይነግረኛል ብሎ ቆም አለና አየኝ። እኔም መንገዱን አየሁ።

በመሐል አንዲት አሮጊት ከደጃቸው ተነስተው እየተቻኮሉ መጡ፤ ልብሱን አይተው ካህን መሆኑን ገምተዋል። መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ ብለው ጠበቁ። አስናቀ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ መልሶ አወጣው፤ ከየት ያምጣው? ሴትየዋ ቀና ብለው ባዶ እጁን አዩ፤ አንገቱንም አዩ። "መስቀል የሌለው ቄስ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?" አሉ፤ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። አስናቀ እርምጃውን አፈጠነ።

ሰው የተሰበሰበው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ መስኩ ላይ፣ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። ወንዶቹ በየድንጋዩ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ከጎን፣ መሬት ላይ። እኔም ሄጄ ሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው አያ ሞላ የሚባሉ ደርባባ ሽማግሌ ናቸው። ቄሰ ገበዙ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ጃንጥላቸውን አጠገባቸው ተክለው፣ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ሙሉ ሰው ማለት እሳቸው ናቸው። ባሌን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"አንገትዎ ላይ ያለው ነጭ ምንድን ነው?" አሉት።

"የአገልግሎት ምልክት ነው፣ አባ።"

"መልካም። ሳያዩን ከሚያልፉን አይተው ቢያሙን ይሻላል" አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት። ከሳቸው ጎን ተቀመጠ። እኔ ከሩቅ ተቃጠልኩ። ዓይን ያወጣ ቅናት ነው፤ ስም አልለውጥለትም።

አበጀ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። ከኋላው ወንድሞቹ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። ዋለ ፊት ለፊቱ ነበር፤ የማይታጠፈውን እጁን በጋቢው ሸፍኖታል። አበጀ ይቅር በለኝ አለ። ዋለ ይቅር ብየሃለሁ አለ። አያ ሞላ ግን፣ አፍማ ሁሉም አለው፣ ልብን የሚያውቅ ይቁም አሉ። ቄሰ ገበዙ ተነሱ። መስቀላቸውን አንስተው፣ አበጀ ልጄ ነው፣ ሆዱን አውቀዋለሁ፣ ከዛሬ ወዲያ ነገር ቢፈልግ ልጄ አይደለም አሉ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ጸና ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉም ወደ ባሌ ዞረ። አስናቀ ተነሳ፤ ኮሌታውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። አያ ሞላ ጠየቁት።

"ቄስ፣ ይኼ ሰው ልጅዎ ነው? ቂም የለበትም ብለው ይቆሙለታል?"

እኔ ሳል አልሳልኩም፣ በእጄም ምልክት አልሰጠሁም። ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፤ አንገቴን ደፋሁ። አስናቀ ደግሞ እኔ አንገቴን የምደፋው ሐሰት ስሰማ ብቻ እንደሆነ ያውቃል፤ ስብከቱ ላይ ሲያጋንን ሁሌም የማደርገው ነው። ድምፁ ሲጠፋብኝ ቀና አልኩ። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ ዋለ ዞረ፤ ዋለም አንገቱን ደፍቶ ነበር። ባሌ ሁለታችንን አስተያየና ገባው። ምኑ እንደሆነ አልገባውም፤ እሱ የማያውቀው ነገር መኖሩ ግን ገባው።

"እኔ የዚህን ሰው ልብ አላውቀውም" አለ። "ይኼን ልብስ ከለበስኩ ወዲህ መልካሙን እንጂ ሌላ ነግሮኝ አያውቅም። የሚያውቅለት ሰው ግን እዚህ አለ። ሚስቴ ናት።"

ዋርካው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ሴት የንስሐ አባት አየን አለ አንዱ። ሌላው ጴንጤ እንዲህ ነው፣ ቄሱ በሚስቱ ይጠየቃል አለ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ነጠላዬን ጎትታ ተነሽ እንጂ ትለኛለች። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት ተነሽ እስክባል ስጠብቅ ኖሬ፣ ሲሉኝ ከመሬቱ አልነሳ አልኩ። ባሌን አየሁት። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያንን ሸሚዝ ለብሶ፣ አላውቅም ብሎ ቆሟል። ያንን የመሰለ ወንድነት አላየሁበትም ነበር፤ በዚህም ደግሞ ቀናሁ።

ዝም ያሰኟቸው ቄሰ ገበዙ ናቸው። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ቆዩና ጠየቁኝ። "ወደ እምነታችሁ ያስገባሽው አንች ነሽ?"

"አዎ፣ አባ።"

"ሴት የንስሐ አባት አትሆንም። የክርስትና እናት ግን ለልጇ ትቆማለች፤ ይኼ የኖረ ነው። እምነታችሁን እኔ አልቀበለውም። ቢሆንም ያስገባሽው አንች ከሆንሽ እናቱ አንች ነሽ። ቁሚ።"

ቆምኩ። አያ ሞላ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ቂም የለበትም ወይ? የለበትም ብል ዋሸሁ፤ አበጀም በእኔ ቃል ተዘናግቶ ይሞታል። አለበት ብል የተነገረኝን አወጣሁ፤ እርቁም ፈረሰ። መጀመሪያ ልጄን ላነጋግረው ፍቀዱልኝ አልኩ። ፈቀዱ።

ዋለን ከዋርካው ራቅ አድርጌ ወሰድኩት። ሰው ያየናል፣ አይሰማንም።

"ጎተራው ውስጥ ነው?" አልኩት።

"ነው።"

"አሁን እዚያ ሄጄ ቂም የለበትም ልበል?"

ጋቢውን ገለጥ አድርጎ እጁን አሳየኝ። "እትየ፣ አበጀ ድንጋዩን ዛሬ ያወርደዋል። እኔ ይኼን እጅ የት አወርደዋለሁ?"

ስንት ዓመት ካስተማርኩት ጥቅስ ሁሉ አንድም ለዚያች ጥያቄ የሚሆን አልነበረም።

"የትም አታወርደውም" አልኩት። "እድሜ ልክህን ትሸከመዋለህ፤ እኔም አወርድልሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። ዋሽቼም አልቆምልህም። ምንሽሩን ካመጣኸው እቆማለሁ። ካላመጣኸው የነገርከኝን ለማንም ሳልተነፍስ ቤቴ እገባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የራስህ ጉዳይ ነው።"

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሽቅብ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ ከመስኩ ይታያል፤ ጎተራውም ይታያል።

እኔ ወደ ዋርካው ተመልሼ ይመጣል አልኩ። አያ ሞላ ለምን ሄደ አሉኝ፤ ይመጣል አልኩ። ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ደጋግሜ ይመጣል አልኩ። አበጀ ድንጋዩን እንደተሸከመ ነው፤ ላቡ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። አፌ ይመጣል ይበል እንጂ ሆዴ የሚለው ሌላ ነበር። ወይ ላይመጣ ነው፣ ወይ አነጣጥሮ ሊመጣ ነው እያልኩ ነጠላዬን እየጠቀለልኩ እፈታለሁ።

በመጨረሻ ዋለ ከቤቱ ጀርባ ብቅ አለ። በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በግራ ክንዱ አቅፏል። ቁልቁል ሲወርድ ማንም ምን እንደሆነ ለመገመት አልተቸገረም፤ ጎጃም ውስጥ በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ሸንኮራ አገዳ አይደለም። ሴቶቹ ወደ ኋላ ተነሱ። የአበጀ ወንድሞች ዱላቸውን አንስተው ወደፊት ሮጡ። አበጀ ድንጋዩ ከብዶት እንደጎነበሰ ቀረ።

የሚቀጥለውን መጻፍ አልወድም፤ እውነት ስለሆነ ግን እጽፈዋለሁ። ባሌ ተነስቶ በመሐል ገባ። ምንሽሩን ከጀርባው፣ ዱላዎቹን ከፊቱ አድርጎ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ከፊት የነበረው የአበጀ ወንድም ዱላውን እንደሰነዘረ ድንገት ተገታ። "ቄስ ነው" አለ፤ ዱላውንም አወረደ። ቄስ በመሐል ሲገባ ዱላ ሲቆም እያየ ያደገ ሰው ነው። ያ ጥቁር ልብስ፣ ያቺ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ ያን ዕለት ያን ዱላ አስቁመዋል። በነጠላ የቆምኩት እኔ ብሆን ኖሮ ይመታኝ ነበር።

ዋለ ባሌን ዞሮ አለፈው። ቄሰ ገበዙንም አለፋቸው። መጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠውና ጋቢውን ገለጠው። አያ ሞላ አነሱት፣ ከፍተው ጥይቱን አወጡ፣ መዳፋቸው ላይ አድርገው ለሰዉ አሳዩ።

"አሁን እቆምለታለሁ" አልኩ። "ቂም የለበትም አልልም። ቂሙን ግን ይኸው አምጥቶ አስረክቧል።"

አያ ሞላ ጥይቱን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ለአበጀ ድንጋዩን አውርድ አሉት። አበጀ ግን አላወረደም። በጉልበቱ እየዳኸ ዋለ ጋ ደረሰና የማይታጠፈውን እጅ ሳመው። ዋለ በደህናው እጁ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሳለት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ አለቀስኩ፤ ቄሰ ገበዙ እኛ ጠላ እንደማንጠጣ ያውቁ ኖሮ እርጎ አስመጡልን።

ስንመለስ ማንኩሳ ላይ ያቆምነው ሚኒባስ ረዳት እንደገና "አባ፣ ጋቢና" አለ። አስናቀ እንቢ ብሎ ከኋላ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ነጯን ከአንገቱ ነቀለና በጣቶቹ መሐል ያገላብጣት ጀመር። እኔ የሚወቅሰኝ መስሎኝ መልሴን እያዘጋጀሁ ነበር።

"ቀናሁብሽ" አለኝ። "ዛሬ አይደለም። ከለበስኩት ጀምሮ ነው። ሰው ቤታችን ይመጣል፣ እኔን ሲያይ ሰላምታው ይረዝማል፣ ወሬው ያጥራል። ከዚያ አንች ጋ ማዕድ ቤት ይገባል። በግድግዳው ድምፁን እሰማለሁ፣ የሚለው አይሰማኝም። ድሮ ለእኔም ይነግሩኝ ነበር እኮ።"

እኔ በአንገቱ ስቃጠል እሱ በጆሮዬ ሲቃጠል ኖሯል። በአንድ አልጋ ላይ። ሳቄ መጣና አፈንኩት፤ እሱ የምር አዝኖ ነበር።

"ከነገ ጀምሮ አልለብሰውም" አለ።

"አይደረግም" አልኩት። ቶሎ ነው ያልኩት፤ ራሴም ገረመኝ። እሱም ገረመው፣ አንች አይደለሽም ወይ አይልበስ ብለሽ ስትከራከሪ የነበርሽ አለኝ። ዱላውን ያስቆመው ልብሱ አይደለም ወይ አልኩት። እውነት ነው። ግን እንደ ሁልጊዜው ምክንያቴ እሱ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሕይወቴ ተለወጠ። ከዚያ መንደር፣ ከጅጋ ከተማም ሳይቀር፣ የእኛ እምነት ያልሆኑ ሴቶች ሁሉ ቡሬ ገበያ ሲመጡ የክርስትና እናቷ ቤት የት ነው እያሉ ይጠይቃሉ። እጅ አልተጫነብኝም፣ ልብስ አልተሰጠኝም፤ በርጩማዬ ግን ባዶ ሆና አታውቅም። እናንተ አንባቢዎቼ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ኮሌታ ይልበስ አይልበስ እያሉ ዛሬም እንደሚጨቃጨቁ እሰማለሁ፤ ወጣቶቹ መጥተው እኔንም ይጠይቁኛል። ይልበስ እላቸዋለሁ። ልብሱ በር ያስከፍታል፣ ዱላ ያስቆማል። ሰው ደግሞ እሱ ፊት ታጥቦ ይቆማል፤ ያደፈውን ይዞ የሚገባበት ሌላ በር ከጎኑ ይኑር እንጂ። አስተዋይ ሴት ትመስላለች ብለው ያደንቁኛል።

አሁን እውነተኛውን ልንገራችሁ። ከእርቁ በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አስናቀ ጓሮ ውስጥ፣ በተቀደደ ካናቴራ እንጨት ይፈልጣል። ኮሌታ የለ፣ ሸሚዝ የለ። አጥሩ ሥር አንድ ሰው ተቀምጦ ያናግረዋል። አበጀ ነው፤ ያ መጥረቢያ ያነሳው አበጀ። ያለቅሳል። ባሌ ፍልጡን ትቶ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። ብዙ ተነጋገሩ። እኔ ቤት ገብቼ በግድግዳው ድምፁን ሰማሁ፤ የሚለው አልተሰማኝም።

አበጀ ሲሄድ ምን አለህ አልኩት። ሆድ ይፍጀው አለኝ፤ መጥረቢያውን አንስቶ ወደ ፍልጡ ተመለሰ። እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁትም።

በማግሥቱ ግን በማለዳ ተነስቼ ሸሚዙን አጠብኩት፤ አሚዶ አጠጥቼ እንደ እንጨት እስኪደርቅ ተኮስኩት። ነጯን ሰካሁበት። ከዚያ ሳሎን በር ላይ፣ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እንዲያያት አድርጌ ሰቀልኩት። አስናቀ አይቶ ምነው አለኝ።

"ልበሳት" አልኩት። "እንግዳ ይመጣል።"